ኦክስጅን የሌለው ደለል ቆሻሻን እንዴት እንደሚያፈርስ በጠርሙስ ውስጥ ማየት

የኩሬን ጭቃ በእንጨት ስትቆሰቁሱት የተበላሸ እንቁላል የሚሸት አረፋ ይወጣል። ብዙዎች ሽታውን የሞት ምልክት ያደርጉታል፤ እኔ ግን የሥራ ምልክት ነው እላለሁ፤ ባክቴሪያዎች ቆሻሻን እያፈረሱ ነው። የባክቴሪያ ተመራማሪው ሩሲያዊ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880ዎቹ የነደፈው ዘዴ ይህን ሥራ በዓይን ያሳያል።

በመጀመሪያ ጓንት አድርጋችሁ ከኩሬ ዳር ጥቁር ጭቃ ውሰዱ፤ ድንጋይና ሥራሥሩን ልቀሙለት። ውሃውንም ከዚያው ቅዱ፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ሊኖረው ይችላል።

ጭቃውን ለሁለት ክፈሉ። በአንደኛው ውስጥ የተቦጫጨቀ ጋዜጣ፣ አንድ የእንቁላል አስኳልና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ቀላቅሉ። ጋዜጣው ካርቦን፣ አስኳሉ ድኝ ይሰጣል። ሁለተኛው ምንም አይጨመርበት፤ ማወዳደሪያ ከሌለ ያያችሁት ለውጥ ከምን እንደመጣ ማወቅ አይቻልም።

ሁለቱንም በግልጽ ጠርሙሶች እስከ ሦስት አራተኛ ሙሉ። አየር እንዳይቀር ጠርሙሱን መታ መታ አድርጉት፤ ከላይ ጥቂት የኩሬ ውሃ ጨምሩና ባዶ ቦታ ተዉ። ክዳኑን አታጥብቁ፤ ጋዝ ይፈጠራል። ከዚያ ብርሃን ባለበት፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያቃጥልበት መስኮት አስቀምጡ።

አሁን መጠበቅ ነው፤ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት። ኦክስጅን በላይኛው ስስ ንጣፍ ላይ ያልቃል። ከዚያ በታች ባክቴሪያዎች በተራ ናይትሬትን፣ ማንጋኒዝን፣ ብረትንና ሰልፌትን (ድኝና ኦክስጅን ያለበት ውህድ) በኦክስጅን ፋንታ ይተነፍሳሉ፤ በመጨረሻ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሚቴን ይሆናል። በእያንዳንዱ ደረጃ የሚገኘው ኃይል እየቀነሰ ስለሚሄድ ሥራው ይዘገያል። ጭቃው ሲጠቁር ሰልፌት ተንፋሾቹ የለቀቁት ሰልፋይድ የተባለ የድኝ ውህድ ከብረት ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። ቆይተው የሚታዩት ወይን ጠጅና አረንጓዴ ነጠብጣቦች ያንኑ ሰልፋይድ በብርሃን የሚጠቀሙ ባክቴሪያዎች ናቸው።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ዓይን የማያየው ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ከአሜሪካው ፖቶማክ ወንዝ ደለል የተገኘው ጂኦባክተር የተባለ ባክቴሪያ ዝገትን እየተነፈሰ በቤንዚን ውስጥ የሚገኘውን ቶሉዊንን ያፈርሳል። ዴሃሎኮኮይደስ ደግሞ ክሎሪን ካላቸው መርዞች ላይ ክሎሪኑን አንድ በአንድ ይነቅላል፤ ይህ ባክቴሪያ ኦክስጅን ባለበት መኖር አይችልም። ይህን ለመሞከር ብላችሁ ቤንዚን ወይም ቀለም ማቅጠኛ በጠርሙሱ አትጨምሩ። ትነቱ አደገኛ ነው፤ መፍረሱንም የሚያሳየው የቤተ ሙከራ መለኪያ ብቻ ነው።

በየሳምንቱ የቀለሙን ድንበር በጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ አስምሩ። ስትጨርሱ ክዳኑን ደጅ ላይ ክፈቱ፤ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ መርዛማ ነው፣ ሚቴንም ተቀጣጣይ ስለሆነ እሳት አታቅርቡ። ጭቃውን አፈር ውስጥ ቅበሩት።