ሲማችሁን ባሕር ዳር ትታችሁ ለምትመጡ

በዚህ ወር ሦስተኛው ነው። ከባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ከሚባለው ሰፈር የመጣ ልጅ፣ ጀርመን ከገባ ሁለት ሳምንት ያልሞላው፣ በእኩለ ሌሊት ደውሎ «ጋሼ፣ ጂሜሌ ኮድ ይጠይቀኛል፤ ሲሙ ደግሞ እህቴ ጋ ነው» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ከማስረዳ አንዴ ጽፌ ልገላገል። አንሜልዱንጉን (የመኖሪያ አድራሻ ምዝገባውን) በ2 ሳምንት ጨርሱ የሚለውን የመጣ ሁሉ ይነግራችኋል፤ ኢሜሉን ግን ማንም አያነሳላችሁም።

ትናንት ባሕር ዳር ፔዳ በር ላይ ሲከፈት የነበረ አካውንት ዛሬ ፍራንክፈርት ሆኖ በአዲስ ስልክ ልግባ ሲል ጎግል ሌባ ነው ብሎ ይጠረጥራል። የይለፍ ቃሉን ብታውቁም አያምናችሁም። ማረጋገጫውን የሚልከው እሱ በሚያውቀው ቁጥር ነው፦ በ251 የሚጀምረው፣ እናታችሁ በወረቀት ጠቅልላ ቁምሳጥን ውስጥ ያስቀመጠችው።

እኔም የተቃጠልኩት በዚሁ ነው። ስመጣ ሲሜን ለታናሽ ወንድሜ ሰጠሁት፤ ባጃጅ ስለሚነዳ ስልኩ ሁሌ ክፍት ነው ብዬ። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ ስልኬ ባቡር ውስጥ ጠፋ። ሌላ ገዝቼ ልግባ ስል፣ ኮድ። ያኔ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከተዘጋ ሰንብቷል። የጽሑፍ መልእክቱ ለወንድሜ ይደርሰዋል፤ ግን በቴሌግራም የሚልክልኝ በምኑ? ደወልኩለት። ጊዮርጊስ ጋ ሰው ጭኗል፣ ሞተሩ ይጮኻል። «አራት፣ ዜሮ፣ ሰባት…» «ሰባት ነው ያልከው ስድስት?» መስመሩ ተቋረጠ። እንደገና እስክንገናኝ ሌላ ኮድ አስልኬ ነበር፤ እሱ የፊተኛውን አነበበልኝ። ይህንኑ ስንደጋግም ጎግል ጭራሽ በሩን ዘጋብኝ፤ ስድስት ቀን። የመኖሪያ ፈቃድ ቀጠሮዬን ማረጋገጫ ሊንክ ደግሞ እዚያው ኢሜል ውስጥ ተቀምጧል። በጊዜው ስላልነካሁት ቀጠሮው ተሰረዘ። ቢሮው ድረስ ሄጄ ላስረዳ ብል መልሳቸው «በኢሜል ይጻፉልን» ነበር። በየትኛው ኢሜል? ሌላ ቀጠሮ ለማግኘት ሦስት ወር ጠበቅሁ።

ስለዚህ ገና ባሕር ዳር ሳላችሁ፣ ሲሙ እጃችሁ ላይ እያለ፣ የጎግል አካውንታችሁ ውስጥ ደኅንነት የሚለውን ገብታችሁ፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብርታችሁ የመጠባበቂያ ኮዶቹን አውጡ። 10 ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 8 አኃዝ፤ አንዱ ኮድ አንዴ ብቻ ይሠራል። ወረቀት ላይ! ስልካችሁ ጋለሪ ውስጥ አስቀምጣችሁ ስልኩ ሲጠፋ አትደውሉልኝ። ኦተንቲኬተር የሚባለው አፕም ያለ ሲም፣ ያለ ኢንተርኔት ኮድ ያወጣል፤ ግን ከስልኩ ጋር አብሮ ስለሚጠፋ ወረቀቱን አይተካም። የምትመጡበትን ስልክ እዚያው ከፍታችሁ፣ ኢሜሉ ገብቶበት ይዛችሁት ኑ። ቪፒኤን የለመደባችሁ ደግሞ ስትገቡ አጥፉት፤ ጎግልን ይባስ ታስበረግጉታላችሁ።

እዚህ ሲም እንዳወጣችሁ ቁጥሩን ቀይሩ። ቀየርን ብላችሁ ግን የባሕር ዳሩን ሲም ወዲያው አታስጥሉ፤ ጎግል እስከ 7 ቀን ድረስ ኮዱን ወደ አሮጌው ቁጥር ልላክ ሊል ይችላል። ጥቅም ላይ ያልዋለ ሲም ውሎ አድሮ ይዘጋል፣ ቁጥሩም ለሌላ ሰው ይሰጣል። ያኔ ኮዳችሁ የማታውቁት ሰው ስልክ ላይ ነው የሚጮኸው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ኢሜሉን ኢንተርኔት ቤት ያስከፈተ ሰው ነው። የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ በራሱ ቁጥር ከፍቶለታል፣ የይለፍ ቃሉንም እሱ ነው ያወጣለት፣ የልደት ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የሞላለት። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ሌላ ዓመት ነው። ኋላ የልደት ቀኑን ቢጠየቅ የትኛውን ይበል? እንዲህ ያለውን ኢሜል ማስታመም ትታችሁ ከመምጣታችሁ በፊት አዲስ ክፈቱ። የዩኒቨርሲቲውንም ኢሜል ለቪዛና ለሥራ ማመልከቻ አትስጡ፤ የግቢው ንብረት እንጂ የእናንተ አይደለም። አሮጌው ውስጥ የምትፈልጉት ነገር ካለ ግን አልፎ አልፎ ግቡበት፤ 2 ዓመት ያልተነካ አካውንት ጎግል ሊሰርዘው ይችላል።

የዓባይ ማዶው ልጅ ትናንት ገባ። እህቱ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ፣ ሲሙን ስልኳ ላይ ከትታ፣ ቁጥሩን ሁለት ሁለት እያደረገች አነበበችለት። አሁኑኑ አሥሩን ኮድ አውጣ አልኩት።

«ጋሼ፣ ፕሪንተር የለኝም እኮ።»

እስክሪብቶም የለህም?