ሳይፀነስ በፊት የምንሠራቸው ስህተቶች

በጎጃም ገጠር እርግዝና ሆድ ሳይገፋ አይወራም፤ የሰው ዓይን ይፈራል። ጤና ጣቢያ የሚኬደውም ብዙ ጊዜ ከዚያ ወዲያ ነው። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

«ሳረግዝ እሄዳለሁ» ማለት። የሕፃኑ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚወጣበት ቱቦ ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ይዘጋል። እናቲቱ የወር አበባዋ ቀርቶ «አርግዤ ይሆን?» ስትል ያ ቀን ተቃርቧል ወይም አልፏል ማለት ነው። ቱቦው ሳይዘጋ ከቀረ ሕፃኑ አከርካሪው ክፍት ሆኖ ሊወለድ ይችላል። ይህን አደጋ በእጅጉ የሚቀንሰው ፎሊክ አሲድ የሚባለው የቫይታሚን ክኒን ነው፤ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከመፀነስ ቢያንስ 1 ወር አስቀድሞ። ጎመንና ምስር ቢጠቅሙም ክኒኑን አይተኩም። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት መጠኑ ስለሚጨምርላት ለባለሙያው ትንገር።

ጨውን መናቅ። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የምንለው እንቅርቱ በአገራችን የኖረ ስለሆነ ነው። በደጋው ዝናቡ አፈሩን እያጠበ አዮዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ይወስደዋል። እጥረቱ አንገት ማሳበጥ ብቻ ሳይሆን የፅንሱን አእምሮም ይጎዳል። አዮዲን ያለበትን ጨው ግዙ፤ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፣ ወጡ ሊወጣ ሲልም ጨምሩት። ከእሳቱ ጋር ብዙ ሲቆይ አዮዲኑ ይቀንሳል።

የሚወስዱትን መድኃኒት አለመናገር። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮዬት፣ ለደም ግፊት የሚሰጠው ኢናላፕሪል ፅንስ ይጎዳሉ። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ሌላ አደጋ ነው፤ ሐኪሙ አስቀድሞ ይቀይረው። ኮሶ የምትጠጣም ትናገር። ስኳር ያለባትም ሳትፀነስ በፊት ስኳሯን ታስተካክል።

የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ ያቆመችን ሴት «መከነች» ማለት። መርፌው ከቆመ በኋላ ለመፀነስ አንድ ዓመት ገደማ ሊፈጅ ይችላል። በዚህ ጊዜ ስንቷ ምራት በአማቷ ፊት አንገቷን ደፍታለች! ቶሎ መፀነስ የምትፈልግ፣ መርፌውን መቼ እንደምታቆም አስቀድማ ትማከር።

አከታትሎ መውለድ። ከወለዱ በኋላ ቢያንስ 24 ወር ሳይሞላ ሌላ እርግዝና ባይታሰብ ይመረጣል።

ባልን በር ላይ ማስቀመጥ። የኤች አይ ቪና የቂጥኝ ምርመራ የሁለት ሰው ነው። እሷ ብቻ ታክማ እሱ ቢቀር ቂጥኙ ተመልሶ ይይዛታል፤ ወደ ፅንሱም ያልፋል። ጠላውንና አረቄውን በተመለከተ፣ ልጅ የምታስብ ሴት ካሁኑ ትተወው፤ ባሏም «ትንሽ ቅመሺ» እያለ አይጎትጉታት።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤታችሁ ስትመጣ «ልጅ ልንወልድ አስበናል» በሏት። የደም ምርመራውን የት እንደምታገኙ ትነግራችኋለች፤ ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ።