የጋራ እሴት ለመፍጠር የሚሠሩ የለውጥ አማካሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ድርጅት የጋራ እሴት ለመፍጠር፣ ማለትም ራሱም እያተረፈ ለኅብረተሰቡም ለአካባቢውም የሚበጅ የአሠራር ለውጥ ለማምጣት አማካሪ ሲቀጥር፣ እቅዱ ብዙውን ጊዜ ጥሩ ነው። ቦርዱ ያጸድቀዋል፣ ሠራተኛውም ያጨበጭባል። ስድስት ወር ካለፈ በኋላ ግን ግዥ ክፍሉ እንደ ድሮው ይገዛል፣ ምርት ክፍሉም እንደ ድሮው ያመርታል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ለውጡ ከሰነድ ወደ ዕለታዊ ውሳኔ እንዳይወርድ የሚያደርጉ ናቸው። ክብደታቸው እኩል አይደለም፤ የሠራተኞች ምዘና ጉዳይ ከሁሉም ይብሳል።

የጋራ እሴትን ከበጎ አድራጎት ጋር ማምታታት

የሥራ አመራር ጸሐፊዎቹ ማይክል ፖርተርና ማርክ ክሬመር እ.ኤ.አ. በ2011 የጋራ እሴትን ሐሳብ በሰፊው ሲያብራሩ ሦስት መንገዶችን አመልክተዋል፦ ያልተሟላ የኅብረተሰብ ፍላጎትን የሚመልስ ምርት ማቅረብ፣ በእሴት ሰንሰለቱ (ከጥሬ ዕቃ እስከ ደንበኛ ባለው የሥራ ሂደት) ውስጥ ያለውን ብክነት እየቀነሱ ምርታማነትን ማሳደግ፣ እንዲሁም ድርጅቱ በሚሠራበት አካባቢ የሚመካባቸውን አቅራቢዎችና ተቋማት ማጠናከር። ሦስቱም ዋናውን ሥራ የሚነኩ ናቸው። ትምህርት ቤት ማሠራት መልካም ነው፤ ነገር ግን ከድርጅቱ ሥራ ጋር ካልተያያዘ ትርፍ በቀነሰበት ዓመት ቀድሞ የሚሰረዘው እሱ ነው። ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ይህ ሥራ ነገ ቢቋረጥ የትኛው የገቢ ወይም የወጪ መስመር ይነካል?» መልሱ «ምንም» ከሆነ ልገሳ ነውና በልገሳነቱ ይመዝገብ።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። ሁሉም ጉዳት ወደ ትርፍ አይለወጥም። ያልተጣራ ፍሳሽ ወንዝ ውስጥ መልቀቅም ሆነ መከላከያ በሌለው ማሽን ላይ ሰው ማሠራት፣ ማስቆሙ ገንዘብ ቢያስወጣም መቆም አለበት። «ሁሉም ነገር ያተርፋል» የሚል አማካሪ የፋይናንስ ኃላፊውን እምነት የሚያጣው በመጀመሪያው ስብሰባ ነው።

ያለ መነሻ መረጃ ግብ ማስቀመጥ

«በ30 በመቶ እንቀንሳለን» ሲባል፣ ከየትኛው ቁጥር ላይ? ወቅቶች ፍጆታን ስለሚለዋውጡ ቢያንስ የተከታታይ 12 ወራት መረጃ ያስፈልጋል፦ የኤሌክትሪክ ሂሳብ፣ የነዳጅ ደረሰኝ፣ የውሃ ቆጣሪ ንባብ፣ በሚዛን የተለካ ቆሻሻ፣ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት፣ በየክፍሉ የለቀቁ ሠራተኞች ብዛት። ስሌቱ አያስቸግርም። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.68 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ በዓመት 40,000 ሊትር የሚጠቀም ቦይለር 107 ቶን ገደማ ይለቃል ማለት ነው።

የሙቀት አማቂ ጋዝ አቆጣጠር ሦስት ወሰኖች አሉት። ወሰን 1 ድርጅቱ ራሱ የሚለቀው፣ ወሰን 2 ከሚገዛው ኤሌክትሪክና መሰል ኃይል የሚመጣው፣ ወሰን 3 ደግሞ ከአቅራቢዎች እስከ ምርቱ አወጋገድ ያለው ነው። ሦስተኛው 15 ምድቦች ስላሉት ብዙዎች ይዘሉታል፤ በብዙ ድርጅቶች ግን ትልቁ ልቀት ያለው እዚያ ነው። ሁሉንም በአንዴ ለመቁጠር አይሞክሩ። ግዥዎችን በወጪ መጠን ደርድረው ከላይ ካሉት ይጀምሩ፤ ወጪያቸው አነስተኛ ሆኖ ልቀታቸው ከፍተኛ የሆኑትን ደግሞ ለብቻ ይፈልጉ።

ሌላው ወጥመድ በአንድ ምርት የሚሰላውን መለኪያ ብቻ ማየት ነው። ለአንድ ምርት የሚውለው ውሃ በ15 በመቶ ቀንሶ ምርቱ በ40 በመቶ ቢያድግ፣ 1.4 በ0.85 ተባዝቶ 1.19 ይሆናል። ሪፖርቱ መሻሻል ይላል፤ ከወንዙ የሚቀዳው ውሃ ግን በ19 በመቶ ጨምሯል። ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን ይቅረቡ።

የሰዎችን ምዘና ሳይነኩ ፖሊሲ መቀየር

የሩብ ዓመቱ መዝጊያ ሳምንት ላይ የተቀመጠ አንድ የግዥ ባለሙያ ያስቡ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የዋጋ ማቅረቢያዎች አሉ። የመጀመሪያው አቅራቢ ፍሳሹን ያጣራል፣ ለሠራተኞቹም ደመወዝ በሰዓቱ ይከፍላል፤ ዋጋው በ4 በመቶ ይበልጣል። የሁለተኛው ርካሽ ነው፤ ስለ ሌላው ነገር ግን ምንም አይታወቅም። አዲሱ ፖሊሲ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ የባለሙያው ቦነስ የሚሰላው ግን ካስገኘው የዋጋ ቅናሽ ነው። ርካሹን ይመርጣል። በዚህ ሰውየውን መውቀስ ከንቱ ነው፤ ድርጅቱ ራሱ ያዘዘውን ፈጽሟል።

ስለዚህ አማካሪው ሥልጠና ከማዘጋጀቱ በፊት የግዥ፣ የምርት፣ የሽያጭ፣ የጥገናና የፋይናንስ ክፍሎችን የአፈጻጸም መመዘኛ ቅጾች ተቀብሎ መስመር በመስመር ያንብብ። ከአዲሱ ዓላማ ጋር የሚጋጨው መስመር ላይ ምልክት ያድርግ። ለምሳሌ ከ100 ነጥብ 60 ለዋጋ ቅናሽ ተሰጥቶ ከነበረ፣ ወደ 40 ወርዶ 20ው ለአቅራቢዎች የሥራ ሁኔታና የአካባቢ ጥበቃ ሊውል ይችላል። የጨረታ መገምገሚያ ቅጹም አብሮ ይቀየር፤ አለበለዚያ ባለሙያው በሁለት ሚዛን መሃል ይቆማል። አዲሱ መለኪያ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሩብ ዓመታት ክፍያ ላይ ሳይደርስ ይሞከር። መረጃው ሳይጠራ የሰው ቦነስ ከተነካ ለውጡ በሙሉ ይጠላል።

እዚሁ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። ድርጅቱ አቅራቢውን «ለምን ሠራተኞችህን ከሰዓት በላይ ታሠራለህ?» ብሎ ኦዲተር ይልካል፤ ትእዛዙን ግን ራሱ በመጨረሻው ሳምንት ይቀይራል፣ ክፍያውንም 90 ቀን ያዘገያል። ሁለት ቁጥሮችን ይጠይቁ፦ ከጸደቁ በኋላ የተቀየሩ ትእዛዞች በመቶኛ ስንት ናቸው? ከርክክብ እስከ ክፍያ በአማካይ ስንት ቀን ይወስዳል? ችግሩ አቅራቢው ዘንድ ሳይሆን ደንበኛው ዘንድ ሆኖ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ነው።

የፈረቃ ኃላፊዎችን መዝለል

ለውጡ ለቦርድ ይቀርባል፣ ከዚያ በአጠቃላይ ስብሰባ ይነገራል። የፈረቃ ኃላፊው ነገሩን የሚሰማው ከበታቾቹ ጋር እኩል ነው፤ በማግስቱ ጥያቄው የሚዘንበው ግን በእሱ ላይ ነው። ቆሻሻ መለየት በየፈረቃው 20 ደቂቃ የሚወስድ ከሆነና የምርት ኮታው ካልተነካ፣ ያ 20 ደቂቃ ከየት ይመጣል? ወይ ኮታው ለሽግግሩ ጊዜ ይቀነስ፣ ወይ ሰው ይመደብ። ኃላፊው «አይሆንም» ሲል እንቢተኛ ብሎ ከመፈረጅ «የሚያሰናክለው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ብዙ ጊዜ የሚያነሳው እንቅፋት እቅዱን ያወጡት ሰዎች ያላዩት ነው።

ለይስሙላ ማወያየት

ውሳኔው ካለቀ በኋላ ነዋሪዎችን ሰብስቦ ፎቶ መነሳት ውይይት አይደለም። ጥያቄው በሁለት አቅጣጫ ይቅረብ፦ ድርጅቱ በሰውና በአካባቢ ላይ ምን ያደርሳል? እነዚህስ ጉዳዮች ድርጅቱን በገንዘብ እንዴት ይነኩታል? ሠራተኞችን ከአለቃቸው ቢሮ ውጭ ያነጋግሩ፤ የተባለው ምን ለውጥ እንዳመጣ፣ ያልተቀበላችሁትም ለምን እንደሆነ ተመልሳችሁ ንገሯቸው።

ሙከራውን በምርጡ ቦታ ብቻ ማካሄድ

ጎበዝ ሥራ አስኪያጅ ያለበት ፋብሪካ ውስጥ ማንኛውም ሙከራ ይሳካል። አንድ ጠንካራ፣ አንድ መካከለኛና አንድ አስቸጋሪ ቦታ ይምረጡ፤ ሙከራው የሚቆምበትንም ሁኔታ አስቀድመው በጽሑፍ ያስቀምጡ።

የሙከራ ስኬት ብቻውን እንደማይበቃ፣ የፋብሪካ ማሽኖች የሚጠቀሙበት የታመቀ አየር ጥሩ ማሳያ ነው። ማሽኖቹ በሙሉ ቆመው አየሩን የሚያምቀው ኮምፕረሰር ብቻ ይከፈት። አየር የሚጠቀም ሳይኖር እየተነሳ የሚሞላ ከሆነ የሚሞላው በፍንጣቂ፣ ማለትም በቀዳዳዎች የሚያመልጠውን አየር ነው። የሚሞላበትን ጊዜ፣ የሚሞላበትና የሚያርፍበት ጊዜ ተደምሮ ለሚገኘው ያካፍሉ። 2 ደቂቃ ሞልቶ 6 ደቂቃ ካረፈ ሩቡ የኮምፕረሰር አቅም በፍንጣቂ ይባክናል። መገጣጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ሲቀቡ አረፋው ቦታውን ያሳያል። በሙከራው ወቅት ሁሉም ይደፈናል፤ ፍተሻው በጥገና ክፍሉ መርሐ ግብር ውስጥ ካልገባ ግን ፍንጣቂው በወራት ውስጥ ይመለሳል።

ከተረጋገጠው በላይ መናገር

«አረንጓዴ ድርጅት» የሚል ቃል ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም። ምን፣ በምን ያህል፣ ከየትኛው ዓመት ጋር ሲነጻጸር እንደሆነ ይገለጽ። የተገዛ የካርቦን ክሬዲት (ሌሎች ልቀት ስለቀነሱ የሚገዛ ማረጋገጫ) ድርጅቱ ራሱ ከቀነሰው ጋር አይደመር።

አማካሪው ሥራውን ራሱ መያዝ

መረጃውን የሚሰበስበውም ስብሰባውን የሚመራውም አማካሪው ከሆነ፣ ውሉ ያለቀ ዕለት ሁሉም ነገር ይቆማል። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እያንዳንዱ ሥራ በስም የተመደበ የውስጥ ባለቤት ይኑረው፤ የስሌት ቅጾቹም ከነቀመሮቻቸው ይረከቡ። በመጨረሻው ሩብ ዓመት ስብሰባውን የውስጥ ሰው ይምራ፣ አማካሪው ጥግ ይዞ ያዳምጥ። ውሉ ውስጥ ደግሞ ከ12 ወራት በኋላ ለሁለት ቀን ተመልሶ መምጣት ይካተት። በዚያን ጊዜ ሪፖርት አይጠይቁ፤ ከግዥ ክፍሉ መዝገብ አሥር ውሳኔዎችን በዕጣ አውጥተው ለምን እንደተወሰኑ ያንብቡ።