«ሽግግር» ሲል የትኛውን ነው? የቻይና ኮሚኒስት ሰነዶችን የማንበቢያ መላ

በቻይና ኮሚኒስት ፓርቲ ሰነዶች ውስጥ «ጉዎዱ» የሚል ቃል ደጋግሞ ይመጣል፤ ሽግግር ማለት ነው። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ መነሻውና መድረሻው በየዘመኑ ተለዋውጧል። የ1940ው ስለ አንድ ሽግግር ያወራል፣ የ1953ቱ ስለ ሌላ፣ የ1962ቱ ደግሞ ፈጽሞ ስለ ሌላ። ብዙ አንባቢ የሚሳሳተው ሁሉንም በአንድ ከረጢት ሲከት ነው። ስለዚህ ሰነዱን ገና ሲከፍቱ ኅዳጉ ላይ «ከምን ወደ ምን?» ብለው ይጻፉ፤ መልሱን ሳያገኙም ገጽ አይግለጡ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀጥሎ ቀኑን ያጣሩ። ንግግር ከሆነ የተነገረበትም የታተመበትም ቀን ያስፈልጋል። ማኦ በሕዝብ መካከል ያሉ ቅራኔዎችን በአግባቡ ስለመፍታት የተናገረው ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1957 ነው፤ በጋዜጣ የወጣው ግን ጁን 19። በመሐሉ «መቶ አበቦች ይፈኩ» ተብሎ የተጋበዘው ትችት ከታሰበው በላይ ሄዶ፣ በ«ቀኝ ዘመሞች» ላይ ዘመቻ ተከፍቶ ነበር። ስለዚህ በታተመው ቅጂ መዓዛማውን አበባ ከመርዛማው አረም የሚለዩ ስድስት መመዘኛዎች ተጨምረዋል። የጁኑን ጽሑፍ ይዘው «ማኦ በፌብሩዋሪ እንዲህ አለ» ካሉ የንግግሩን መንፈስ ገልብጠውታል። የገንዘብ አኃዝም እንዲሁ ያሳስታል፤ በማርች 1955 የገንዘብ ለውጥ ተደርጎ የቀድሞው 10,000 ዩዋን በአዲሱ 1 ዩዋን ተተክቷል። ከዚያ በፊት የተጻፈ ሒሳብ አራት ዜሮ ሊበዛበት ይችላል።

አሁን ወደ ነገሩ። በ1940 የቀረበው የ«አዲስ ዴሞክራሲ» ሐሳብ አብዮቱን ለሁለት ይከፍለዋል፤ መጀመሪያ ፀረ ኢምፔሪያሊስትና ፀረ ፊውዳል፣ ቀጥሎ ሶሻሊስት። በመጀመሪያው እርከን ሠራተኛው፣ ገበሬው፣ ንዑስ ከበርቴውና ብሔራዊ ከበርቴው አብረው ይቆማሉ፤ የሚወረሰው የመሬት ከበርቴው መሬትና የቢሮክራሲያዊ ከበርቴው (ከብሔርተኛው መንግሥት ሥልጣን ጋር የተሳሰረው ትልቅ ባለ ሀብት) ሀብት ነው። በሴፕቴምበር 1949 የጸደቀውን፣ እንደ ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ያገለገለውን የጋራ ፕሮግራም ሲያነቡ ሶሻሊዝም የአገሪቱ ግብ ነው የሚል ዓረፍተ ነገር ይፈልጉ፤ አያገኙትም። የሚያገኙት ጎን ለጎን የሚኖሩ አምስት የኢኮኖሚ ዘርፎችን ነው፦ የመንግሥት፣ የኅብረት ሥራ፣ የግለሰብ ገበሬና የእጅ ባለሙያ፣ የግል ካፒታሊስትና የመንግሥት ካፒታሊዝም። ግቡ ያልተጻፈው በመርሳት አይደለም፤ ያ ሽግግር ገና ሩቅ ነው ተብሎ ስለታሰበ ነው።

ማጠፊያው ጁን 1952 ነው። ማኦ የመሬት ከበርቴውና የቢሮክራሲያዊው ከበርቴ መደብ ከወደቀ በኋላ ዋነኛው ቅራኔ በሠራተኛው መደብና በብሔራዊ ከበርቴው መካከል ነው ሲል ጻፈ። የትናንቱ አጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚለወጥ ወገን ሆነ። በዓመቱ፣ በ1953፣ የሽግግር ዘመኑ አጠቃላይ መስመር መጣ፦ «አንድ ግንባታ፣ ሦስት ለውጥ»። ግንባታው ኢንዱስትሪ ነው፤ ለውጦቹ የእርሻ፣ የእጅ ሙያና የካፒታሊስት ኢንዱስትሪና ንግድ። የተቆረጠለት ጊዜ ሦስት የአምስት ዓመት ዕቅድ ያህል ነበር፤ የ1950–52 ማገገሚያ ሲጨመር 18 ዓመት። «አዲሱን ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት እናጽና» የሚለው የሊዩ ሻዎቺ (ከማኦ ቀጥሎ ያለው የፓርቲው መሪ) አነጋገር የተተቸውም በዚሁ በ1953 ነው፤ ሊዩ ባለበት መርጋት ሲፈልግ ማኦ መራመድ ይፈልግ ነበር።

በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ለማየት አንድ ፋብሪካ ይውሰዱ። ከ1953 ጀምሮ የግል ፋብሪካ ትርፍ «ለአራት ፈረሶች መኖ» እንደሚከፈል ይነገር ነበር። ማኦ ባቀረበው ስሌት ከ1,000 ዩዋን ትርፍ 345 ለገቢ ግብር፣ 150 ለሠራተኞች ደኅንነት፣ 300 ለመጠባበቂያ ካፒታል ሄዶ፣ ለባለ ሀብቱ የሚደርሰው 205 ነው። የመንግሥት ካፒታሊዝም የሚሉት ይህን ነው፤ ባለቤቱ አለ፣ ትርፉ ግን ታጥሯል። በ1956 መጀመሪያ የየዘርፉ ፋብሪካና ሱቅ በጅምላ የመንግሥትና የግል የጋራ ድርጅት ሲሆን ፈረሶቹም ቀሩ፤ ባለ ሀብቱ በተገመተው ድርሻው ላይ በዓመት 5 በመቶ ቋሚ ወለድ ብቻ እንዲያገኝ ተደረገ። 10,000 ዩዋን የተገመተለት ሰው ፋብሪካው ቢያተርፍም ቢከስርም 500 ይወስዳል። ክፍያው እስከ 1966 ቆየ። «መቤዠት» የሚለውን ቃል ሲያዩ ይህን ሒሳብ ያስቡ፤ መውረስ ብለው የሚተረጉሙት ስተዋል፣ ሙሉ ካሳ የሚሉትም እንዲሁ።

በእርሻው በኩል ደረጃውን የሚለየው አንድ ጥያቄ ነው፦ መሬት ያዋጣ ሰው በመሬቱ ልክ ይከፈለዋል? በመረዳጃ ቡድን ጉልበትና ከብት በወንፈል መልክ ይዋዋሱ ነበር፤ መሬቱ የየራሳቸው ነው። በዝቅተኛው የኅብረት ሥራ ማኅበር መሬት ይዋጣል፣ ክፍያው ግን ለጉልበትም ለመሬትም ነው። በከፍተኛው የመሬቱ ክፍያ ይቀራል፤ ሶሻሊስት የሚባለውም ይኸኛው ብቻ ነው። በ1955 አጋማሽ በማኅበራት የታቀፈው ገበሬ ቤተሰብ 14 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ1956 መጨረሻ 96 በመቶ ገደማ ሆነ። የ18 ዓመቱ ዕቅድ ከ1950 ጀምሮ ሲቆጠር በሰባት ዓመት ተጠቀለለ። ፓርቲው ራሱ በ1981 ባወጣው የታሪክ ውሳኔ ከ1955 በጋ ወዲህ የነበረውን ሥራ ጥያቄው የቸኮለ፣ አሠራሩ ግርድፍ፣ ለውጡ የፈጠነ፣ መልኩም ከልክ ያለፈ ወጥ ነበር ብሎታል። ቢሆንም ለውጡን በጥቅሉ እንደ ድል ነው የሚያየው፤ ሁለቱን አብሮ መያዝ የግድ ነው።

ከ1956 በኋላ ላለ ሰነድ መላው ይቀየራል፦ «ዋነኛው ቅራኔ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ያድኑ። በሴፕቴምበር 1956 ስምንተኛው ጉባኤ ዋነኛውን ቅራኔ በሕዝቡ ፍላጎትና በኋላ ቀሩ ኢኮኖሚ መካከል አደረገው። በ1957 መኸር ማኦ ወደ ወዝአደርና ከበርቴ መለሰው። በ1962 ደግሞ የመደብ ትግል በመላው የሶሻሊዝም ዘመን ይዘልቃል ተባለ። በዚህ አነጋገር ሽግግሩ እስከ ኮሚኒዝም ድረስ ተለጠጠ፤ የ1949–56ቱን «ትንሹ»፣ ይህንን «ትልቁ» ሽግግር ብሎ መለየት ንባቡን ያቀልላል። የባህል አብዮቱ (ከ1966–76 የተካሄደው የማኦ ዘመቻ) የቆመው በትልቁ ላይ ነው። የ1981ዱ ውሳኔ ወደ 1956ቱ አገላለጽ ተመለሰ። በ2017 አሥራ ዘጠነኛው ጉባኤ ቅራኔውን በተሻለ ኑሮ ፍላጎትና ባልተመጣጠነ፣ ባልተሟላ ዕድገት መካከል አድርጎታል።

በጣም የተለመደው ስሕተት «የሶሻሊዝም የመጀመሪያ እርከን» የሚለውን ከሽግግር ዘመኑ ጋር መደባለቅ ነው። በኦክቶበር 1987 አሥራ ሦስተኛው ጉባኤ ላይ የቀረበው ሪፖርት ሁለት ነገር በአንድ ትንፋሽ ይላል፦ ሶሻሊስት ኅብረተሰብ ነን፣ ግን ገና በመጀመሪያው እርከን ላይ ነን። ዘመኑም ከ1950ዎቹ ተነሥቶ ዘመናዊነቱ እስኪሳካ ቢያንስ 100 ዓመት ነው። በዚህ ስሌት ሽግግሩ በ1956 አልቋል፤ ከዚያ በኋላ የግል ድርጅት መፈቀዱ ወደ ኋላ መመለስ ሳይሆን የእርከኑ ጠባይ ነው። ክርክሩ አሳማኝ ነው ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሰነዱን ግን በራሱ ሒሳብ ሳያነቡት ሊተቹት አይችሉም።

ለልምምድ የ1954ን፣ የ1975ንና የ1982ን ሕገ መንግሥታት መግቢያ ጎን ለጎን ይዘርጉ። የመጀመሪያው ሪፐብሊኩ ከተመሠረተበት እስከ ሶሻሊስት ኅብረተሰብ ግንባታ ማብቂያ ያለውን «የሽግግር ዘመን» ይለዋል። ሁለተኛው የሶሻሊስት ኅብረተሰብ ረጅም የታሪክ ዘመን እንደሆነና በዚያ ሁሉ የመደብ ትግል እንደሚኖር ይናገራል። ሦስተኛው የግል ማምረቻ ባለቤትነት ለውጡ ተጠናቋል ይላል። ከዚያ የ1993ቱንና የ1999ኙን ማሻሻያ ያያይዙ፦ የፊተኛው አገሪቱ በመጀመሪያው እርከን ላይ «ናት» ሲል፣ የኋለኛው «ለረጅም ጊዜ ትቆያለች» ይላል።