ላፕቶፑ ሲያቃስት፣ ከጥገናው በፊት ፋይሉ

የአክስቴ ልጅ ላፕቶፗን በጋቢ ጠቅልላ ከመሐል ሜዳ ይዛልኝ መጣች። ዊንዶው እስኪነሳ ቡና ተፈልቶ አቦሉ ይጠጣል። ለአንድ ጥገና ቤት ብታሳይ "ፎርማት ይደረግ" ብለዋታል። የተማሪዎቿ የሦስት ዓመት ማርክና የሟች እናቷ ፎቶ ያለው እዚያ ብቻ ስለሆነ እምቢ ብላ መጣች። ደግ አደረገች።

እንደገባ አልከፈትኩትም። የደብረ ብርሃንን ጠዋት ታውቁታላችሁ፤ ብርድ የመታው ዕቃ ሞቅ ያለ ቤት ሲገባ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ትንሽ አቆዩት።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ካለ መረጃውን የሚያነበው ክፍል፣ ማንበቢያ ራስ የሚባለው፣ ሳይጎዳ አልቀረም። ወዲያው አጥፉት። "አንዴ ብቻ ልሞክር" የምትሏት ናት የቀረውን ፍቃ የምትጨርሰው። ፍሪጅ ውስጥ ክተቱት የሚሏችሁንም አትስሙ። የዲስኩን ክዳን አትክፈቱ፣ ብናኝ ይገባበታል። ፋይሉ የግድ ካስፈለገ ባለሙያ ብቻ ይንካው።

ድምፅ ሳይኖረው ሃንግ የሚያደርግ፣ ፎልደር ሲከፈት የሚፈዝ ከሆነ ባድ ሴክተር፣ ማለትም ዲስኩ ላይ የተበላሸ የማይነበብ ቦታ፣ ጠርጥሩ። የእሷም ይሄው ነበር። ቼክ ዲስክ የሚባለውን የዊንዶው ዲስክ መፈተሻ አታስነሱበት፤ የደከመ ዲስክ ላይ ሩጫ መጨመር ነው። ዲስኩን ፈታችሁ በዩኤስቢ ገመድ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት፣ ኮምፒውተሩንም በዊንዶው ፈንታ ኡቡንቱ የሚባለው ሲስተም በተጫነበት ፍላሽ አስነሱት። ከዚያ ዲዲሬስኪው የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑ። ደህናውን ቦታ አስቀድሞ ይገለብጣል፣ ያስቸገረውን መጨረሻ ላይ ይመለስበታል። ፋይሎቹን ከግልባጩ ላይ ታወጣላችሁ። 500 ጊጋ ዲስክ ሲገለበጥ 500 ጊጋ ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ መቀበያው ደግሞ ፋት32 በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ አይሁን፣ ከ4 ጊጋ የበለጠ ፋይል አይቀበልም። ትእዛዙን ስትጽፉ የትኛው ዲስክ ምንጭ፣ የትኛው መቀበያ እንደሆነ ሁለቴ እዩ፤ ከተቀያየረ ባዶው ዲስክ በፋይላችሁ ላይ ይገለበጥና አለቀ። የደረሰበትን የሚመዘግብበትን ማፕ ፋይልም መቀበያው ዲስክ ላይ አስቀምጡ፣ ምክንያቱም ከፍላሽ የተነሳ ኡቡንቱ ሲጠፋ ሁሉን ይረሳል። እኔ ሌሊት መብራት ሄደብኝ። ጠዋት ፕሮግራሙን እንደገና ጭኜ ከቆመበት ቀጠለ።

ሌላው ቀላል ነው። በርቶ ምስል ከሌለው ባትሪውን ነቅላችሁ ራሙን (የሜሞሪ ካርዱን) አውጡ፣ ወርቃማ ጥርሱን በላጲስ ቀስ ብላችሁ አሽታችሁ መልሱ። ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ማራገቢያው አቧራ ጠጥቷል፤ ጥረጉት፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ፔስትም ቀይሩ። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ ኋላ ከሄደ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ሞታለች።

የእሷን ዲስክ አውጥቼ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለውን አዲሱን ዓይነት ዲስክ፣ ገጠምኩለት። ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። የድሮው ዲስክ ማንበቢያ ራስ በቀጭን የአየር ንጣፍ ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚያነበው፤ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ብዙ አምራቾች እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ድረስ ነው የሚፈቅዱት። እሷ ካለችበት ከመሐል ሜዳ አካባቢ ያለው ጓሳ እኮ 3,200 ያልፋል! ኤስኤስዲ የሚንሳፈፍ ነገር የለውም።

ማርኩ ሙሉ ወጥቷል። ከፎቶዎቹ የሁለቱ የታችኛው ግማሽ ግራጫ ሆኖ ቀርቷል። "ፊቷ አለ አይደል?" አለችኝ። አለ።