ሳይቸግር ጤፍ ብድር፦ ዲዛይን ፓተርንን ሥራ ላይ እንዴት እናውላለን?

ዲዛይን ፓተርን የሚባለውን የኮድ አሠራር ዘዴ የተማርን ሰሞን አንድ በሽታ ይይዘናል። ያየነው ኮድ ሁሉ ፓተርን የጎደለው ይመስለናል። እኔንም አልማረኝም። ኤስኤምኤስ ብቻ ለምትልክ ትንሽ ፕሮግራም አምስት ክላስ (ዳታና ሥራውን አንድ ላይ የሚይዝ የኮድ ክፍል) ጽፌያለሁ። ከስድስት ወር በኋላ ስከፍታት፣ መልእክቱ የሚላከው የት ጋ እንደሆነ ለማግኘት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። የገዛ ኮዴ ነው እንግዲህ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

ፓተርን ተደጋግሞ ለሚያጋጥም ችግር ተደጋግሞ የሠራ መፍትሔ ነው። ሐሳቡን ፕሮግራመሮች የተዋሱት ስለ ቤትና ስለ ከተማ አሠራር ከጻፈው ከአርክቴክቱ ክሪስቶፈር አሌክሳንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ ኤሪክ ጋማና ሦስት ባልደረቦቹ 23 ፓተርኖችን ሰብስበው አሳተሙ። ፈለሰፉ አላልኩም። ሰው ሲሠራበት የኖረውን ነው መልክና ስም የሰጡት። ስለዚህ 23ቱንም መሸምደድ አይጠበቅባችሁም። እኔ ራሴ አዘውትሬ የምጠቀምባቸው ከአምስት አይበልጡም።

አሠራሩን በአንድ ሥራ ላሳያችሁ፤ የሐበሻ ቀሚስ የሚሸጥ ድረ ገጽ ነው።

1. መጀመሪያ ኮዱ የቱ ጋ እንደሚያማችሁ ፈልጉ

ድረ ገጹ ሲጀመር መክፈያው ቴሌብር ብቻ ነበር። አንድ ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ፣ ስም ያለው የኮድ ቁራጭ)፣ በቃ። በነሐሴ 2015 ኤምፔሳ አገር ውስጥ ሥራ ሲጀምር እሱም ይግባ ተባለ፤ አንድ ኢፍ፣ ማለትም «እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ» የሚል መስመር ጨመርን። ውጭ ያሉ ደንበኞች «በካርድ እንክፈል» ሲሉ ሌላ ኢፍ። ያኔ ነው የነቃሁት። ያው ኢፍ ደረሰኙ ላይ፣ ተመላሽ ገንዘቡ ላይ፣ የወር መጨረሻ ሪፖርቱም ላይ ተደግሟል። አንድ መክፈያ ለመጨመር አራት ፋይል መነካካት አለበት። ከአራቱ አንዱን ደግሞ ሁሌም እንረሳለን።

ሁለት ጊዜ ሲደገም ታገሱ። ሦስተኛው ላይ ተነሱ።

2. የሚለዋወጠውንና የማይለዋወጠውን ለዩ

ኮምፒውተሩን ተዉት፤ ወረቀት አውጡ። በእኛ ሥራ የማይለወጠው ይህ ነው፦ ገንዘብ መጠየቅ፣ መግባቱን ማረጋገጥ፣ ካስፈለገ መመለስ። የሚለወጠው አፈጻጸሙ ነው። ይህን ከለያችሁ የፓተርኑ ስም ራሱ ይመጣል። አንድ ሥራ በተለያየ መንገድ የሚሠራ ከሆነ ስትራቴጂ ነው። ትዕዛዝ ሲገባ መጋዘኑም፣ ሒሳብ ክፍሉም፣ ደንበኛዋም መስማት ካለባቸው ኦብዘርቨር ነው። ከውጭ የመጣው ነገር ከእኛ ጋር አልገጥም ካለ አዳፕተር ነው። ባሕር ማዶ የተገዛ ቻርጀር የግድግዳችን ሶኬት ውስጥ አልገባ ሲል የምንሰካበትን ነገር አስቡ።

3. ውሉን ጻፉ

ኢንተርፌስ ውል ነው። ሦስት ፈንክሽን ብቻ አስገባንበት፦ ጠይቅ፣ አረጋግጥ፣ መልስ። ከዚህ በኋላ የትዕዛዙ ገጽ ገንዘቡ በምን እንደመጣ አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። እንደ ፓይተን ባሉ ቋንቋዎች ክላስ እንኳ ላያስፈልጋችሁ ይችላል፤ ፈንክሽን ማቀበል ብቻውን ስትራቴጂ ነው።

4. አንድ በአንድ አዛውሩ

መጀመሪያ ለነባሩ አሠራር ቴስት፣ ማለትም በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ ጻፉ። ከዚያ ቴሌብርን ብቻ ወደ አዲሱ ውል አዛውሩ፣ ቴስቱን አስኪዱ፣ ወደ ፕሮዳክሽን (ደንበኞች ወደሚጠቀሙበት) ልቀቁ። ከዚያ ቀጣዩን። ዓርብ ማታ ግን አትልቀቁ፤ ቅዳሜያችሁን ውደዱት።

5. የውጭውን ጣጣ በር ላይ አስቀሩት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ እኔም የተቀጣሁት እዚሁ ነው። አንዱ የክፍያ አገልግሎት ዋጋውን በብር ይቀበላል፤ ሌላው በሳንቲም። እኔ ይህን ሳላስተውል የ4,500 ብር ቀሚስ ሳንቲም ለሚጠብቀው 4500 ብዬ ላክሁለት። በማግስቱ የሱቁ ባለቤት ደወለች፦ «ወንድሜ፣ ቀሚሴን በ45 ብር ሸጥክልኝ እኮ!» ደግነቱ ገዢዋ ጨዋ ሆና ቀሪውን ከፈለች።

አሁን እያንዳንዱ አገልግሎት የራሱ አዳፕተር አለው። እኛ ውስጥ ገንዘብ ሁልጊዜ በሳንቲም ነው፣ በሙሉ ቁጥር። ብር የሚፈልግ አገልግሎት ካለ አዳፕተሩ በር ላይ ለ100 ያካፍልለታል። መልሱም እንደዚያው ነው። አንዱ «ተሳክቷል» ብሎ ይልካል፤ ሌላው ዜሮ ልኮ ችግር የለም ማለቱ ነው። ሁሉም በአዳፕተሩ በኩል አልፎ እኛ ጋ ሲደርስ «ተከፍሏል»፣ «በመጠባበቅ ላይ» ወይም «አልተሳካም» ይሆናል። አራተኛ ቃል የለም። ለእያንዳንዱ አዳፕተርም የ4,500 ብሯን ቀሚስ ቴስት አድርጌ አስገብቻታለሁ።

6. ምርጫው አንድ ቦታ ይሁን

«ደንበኛዋ ይህን ከመረጠች ያንን አዳፕተር ስጥ» የሚል አንድ ትንሽ ፈንክሽን ይበቃል። ይህቺን ፋክተሪ ይሏታል። ውስጧ ኢፍ ቢኖርም አትደንግጡ። ችግራችን ኢፉ ሳይሆን አራት ቦታ መበተኑ ነበር።

7. ከመገንባታችሁ በፊት ያላችሁን እዩ

ኦብዘርቨር ልትጽፉ ነው? ዲጃንጎን (የፓይተን የድረ ገጽ መሥሪያ) የምትጠቀሙ ከሆነ ሲግናል የሚባለው ነገር እሱው ነው። ሲንግልተን፣ ማለትም ከአንድ ክላስ አንድ ነገር ብቻ እንዲኖር የሚያደርገውን ፓተርን ልትጽፉ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን እደሩበት። አብዛኛውን ጊዜ ስሙን የቀየረ ግሎባል ቫሪያብል (ከየትኛውም የኮድ ቦታ የሚነካ ዋጋ) ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ቴስት ስትጽፉ ያስለቅሳችኋል።

ስሞቹን ግን ከሥራ ባልደረቦቻችሁ ጋር ተጠቀሙባቸው። ኮድ ስትገመግሙ «እዚህ አዳፕተር ይግባበት» ማለት የግማሽ ሰዓት ማብራሪያ ያስቀራል። ስሙን የማያውቅ ጀማሪ ካለ የቻርጀሩን ነገር ንገሩት፤ ይገባዋል።

በቅርቡ የሱቁ ባለቤት አራተኛ መክፈያ አስገባልኝ አለች። አንድ አዲስ ፋይልና ፋክተሪዋ ውስጥ አንድ መስመር ሆነ። ጠዋት ጀምረን ከምሳ በኋላ ቴስቱን ጨረስን። የኤስኤምኤሷ ፕሮግራምስ? አምስቱንም ክላስ ደምስሼ አንድ ፈንክሽን አደረግኋት።