ለልጅ ኮርስ ከመክፈላችሁ በፊት

እኛ ድሬዎች ክረምት ሲመጣ ልጆቻችንን የሆነ ቦታ ማስመዝገብ እንወዳለን። ዋና፣ ኮምፒውተር፣ እንግሊዝኛ፣ ቴኳንዶ። ጥሩ ነው። ግን ሁሉንም ባንዴ አታድርጉት።

እኔ ቤት የሠራው ይሄ ነው፦ ለአንድ ልጅ በአንድ ጊዜ አንድ ኮርስ ብቻ። የሦስት ወር ከመክፈሌ በፊት የአንድ ወር እከፍላለሁ። ልጄ የቴኳንዶ ልብሷን ማንም ሳይነግራት አጥባ ካሰጣች እቀጥላለሁ። «ዛሬ ሆዴን አሞኛል» ከበዛ ግን አቆማለሁ። የቀረውን ክፍያ ለአስቤዛ አላውለውም። የዚያኑ ቀን በስሟ ወደተከፈተው የቁጠባ ሂሳብ ይገባል።

በወር 500 ብር በ10 ዓመት፣ ወለዱን ሳንቆጥር፣ 60,000 ብር ይሆናል። እውነቱን ለመናገር የዋጋ ንረት ይበላዋል። የባንክ ቁጠባ ወለድ መነሻው 7 በመቶ ሆኖ ቆይቷል፤ ኑሮ ደግሞ ከዚያ በላይ ሲወደድ አይተናል። ስለዚህ ልጁን ከሁሉ ነገር አቅቦ ገንዘቡን ባንክ ማስቀመጥም ልክ አይመስለኝም። ዋና የለመደ ልጅ ችሎታው አይረክስበትም።

ብዙ የማያስወጣም አለ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይከር፣ ወደ ከዚራ ሰፈር በእግር ወስዳችሁ የድሮውን ባቡር ጣቢያ አሳዩዋቸው። ከተማችን የተቆረቆረችው ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ስለደረሰ መሆኑን ንገሯቸው። ሲመቻችሁ ደግሞ በሚኒባስ ሐረር፣ በግንብ ወደታጠረው ጀጎል። የኔዋ የአምስቱን ጥንታዊ በሮች ስም በቃሏ ይዛለች። ያወጣነው የትራንስፖርትና የሳምቡሳ ብቻ ነው።